እናቴ ዋና የተማረችበት በጋ

እናቴ ፊሎመና ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ ባሕር እያየች ኖራ ባሕር ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። እግሯን ነክራለች፤ ያውም በላስቲክ ሳፋ። እኛ ልጆቿ ወደ ውሃው ስንሮጥ እሷ ድንኳኑ ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ አንዳችን በሳፋ ቀድተን ባመጣንላት የባሕር ውሃ እግሯን እያቀዘቀዘች፣ አንድ ዐይኗን ማካሮኒው ላይ አንድ ዐይኗን እኛ ላይ ጥላ ትውላለች።

አዲራ በምንለው የማልታ ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ መፍራት ደግሞ ያስቃል። አሸዋው የላመ ነው፤ ሃምሳ እርምጃ ገብተህ ውሃው ገና ጉልበትህ ነው። መሄድ ያልጀመረ ልጅ ሳይቀር እዚያ ቁጭ ብሎ ይንቦጫረቃል። በማርያም ፍልሰታ ቀን፣ በኦገስት አጋማሽ፣ የከተማችን የመሊሃ ሰው ግማሹ ከዳገቱ ወርዶ እዚያ ይሰፍራል፤ ድንኳኑን፣ ጠረጴዛውን፣ የበረዶ ሣጥኑን፣ አማቱን፣ ምራቱን፣ ውሻውን ይዞ። የኛ ቤተሰብ አሥራ ስምንት ነው። አሥራ ሰባታችን ውሃ ውስጥ እንሆናለን፤ አሥራ ስምንተኛዋ ዕቃ ትጠብቃለች። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለን አለመጠየቃችንን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አባቴ ጁዜ በአንጻሩ የባሕር ሰው ነው፤ ቢያንስ በራሱ አፍ። ሠላሳ ዓመት መርከብ ሲጠግን ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። አዲራ ስንሄድ ውሃው ወገቡ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ሲጋራውን ይለኩሳል፤ ከዚያ ከሊቢያ ጠረፍ ማዶ ከመርከብ ወድቆ በማዕበል መሃል ሁለት ሰዓት እንዴት እንደዋኘ ለሰማው ሁሉ ይተርካል። የወንድሜ የሪኖ አማት፣ ሉዊጂ፣ ታሪኩን በቃሉ ስለያዘው አባቴ ሲስት ያርመዋል።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ጉልበት ነው። በሜይ ወር ሕመሙ ሲብስባት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ወጣት ልጅ ነው፤ ጉልበቷን አጥፎ ዘርግቶ ሲያይ ቆየና፣ "ይሄ መድኃኒቱ ዋና ነው" አላት። "በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይዋኙ።"

"አልችልም" አለች እናቴ።

"ጊዜ የለዎትም?"

"ጊዜማ ሞልቶኛል። ዋና ነው የማልችለው።"

ልጁ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። "ማልታ ላይ ተወልደው?" ብቻ ነው ያለው።

በመኪና ስንመለስ ዳገቱን ልንጨርስ ስንል እናቴ፣ "ሳቀብኝ እኮ" አለች።

"አልሳቀብሽም እማዬ።"

"ጥርሱን ቆጥሬዋለሁ። ሠላሳ ሁለቱም አሉ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበትም ስለ ዋናም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በጁን መጀመሪያ ግን ጠዋት ጠዋት ቅዳሴ መሄድ ጀመረች። እናቴ እሁድ ቅዳሴ የማትቀር ሴት ናት፤ በሥራ ቀን ግን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታ መሄዷ አዲስ ነገር ነበር። እርጅና ነው አልን። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ወደ ፈጣሪው ይጠጋል አልን።

የሄደችው ግን ወደ ታች፣ ወደ ባሕሩ ነበር። የቀረውን በኋላ እሷና የሰፈራችን ሴት ቸታ አንዳቸው ከአንዳቸው አፍ እየነጠቁ ነው የነገሩኝ።

የዋናውን ልብስ ከሰፈር ብትገዛ እስከ ምሳ ሰዓት መሊሃ ሁሉ ይሰማል ብላ ቫሌታ ድረስ ሄዳ ገዝታዋለች፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትከሻው ሰፊ። ከቀሚሷ ሥር ለብሳው ዳገቱን በእግሯ ወረደች። የመጀመሪያው ቀን ውሃው ጉልበቷ ጋ እስኪደርስ ገባችና ቆመች። ከዚያ ወዲያ ሰው ምን እንደሚያደርግ አታውቅም። ሩብ ሰዓት ቆማ፣ ወጥታ፣ ደርቃ፣ በአውቶቡስ ተመለሰች። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ከጀርባዋ ድምፅ ሰማች።

"እስኪፈላ ነው የምትጠብቂው?"

ዞር ስትል ቸታ ናት። ቸታ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብርድ ሆነ ሙቀት፣ የጎማ ቆቧን አጥልቃ ጠዋት ጠዋት ሳትዋኝ ውላ አታውቅም። ክንዷ ሊጥ ሲያቦካ የኖረ ሰው ክንድ ነው፤ ምላሷም ከክንዷ አያንስም። ከእናቴ ጋር ከተዘጋጉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። ምክንያቱ ይሄ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ስታገባ በነበረው ግብዣ ላይ ቸታ እናቴ በምድጃ የጋገረችውን ማካሮኒ አልፎርኖ አንዴ ጎረሰችና፣ "ይደርቃል" አለች። ሰው ሰማ። በኛ ሰፈር ከዚህ ባነሰ ነገር ወንድምና ወንድም ተለያይቷል።

"አንቺ ምን አገባሽ?" አለቻት እናቴ።

"ምንም። ብቻ የቆምሽው መንገዴ ላይ ነው።"

"ባሕሩ ሰፊ ነው፤ በሌላ በኩል እለፊ።"

"ሰፊስ ሰፊ ነው። ታዲያ አንቺ ምነው ከጠርዙ አልላቀቅ አልሽ?"

እናቴ ጉልበቷ ጋ ያለውን ውሃ አየች። ቸታ ጥቂት አየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አትችይም እንዴ?" አለቻት።

"አልችልም።"

ቸታ አልሳቀችም። ቆቧን ጆሮዋ ላይ ወደ ታች ጎተት አድርጋ፣ "ነይ" አለች።

"ቆይ። መጀመሪያ ስለ ማካሮኒው ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ።"

"የደረቀውን ምን ልበለው? ረጥቦ ነበር ልበል?"

"እንግዲያው ልሂድ።"

"ሂጂ። ጉልበትሽን ይዘሽ ሂጂ። ዳገቱ ላይ ስታነክሺ የማላይሽ መስሎሻል?"

እናቴ አልሄደችም።

እናቴ ጥልቁን አልፈራችም። የፈራችው ለጆሮዋ ነው። በጀርባዋ ስትተኛ ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓለም በሙሉ ድምፁ ይጠፋባታል፤ ያን ጊዜ እንደ ተነካ ድመት ዘልላ ትቆማለች።

"ምንም አይሰማኝም!"

"ምን መስማት ፈልገሽ ነው? እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ። የኔን ድምፅ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሳትሰሚ ቆይተሽ አልሞትሽም።"

እንደገና ትተኛለች። ቸታ ያን ክንዷን ከወገቧ ሥር አግብታ፣ "ሆድሽን ወደ ሰማይ ስጪው" ትላታለች።

"ይሄ ሆድ ሦስት ልጅ ተሸክሟል፤ እንኳን ውሃ ክሬን አያነሳውም።"

"ስብ ይንሳፈፋል። የሚሰምጡት ቀጫጮቹ ናቸው፤ እኔና አንቺ የሚያሰጋን ነገር የለም።"

እንዲህ እየተሰዳደቡ ሦስት ሳምንት አለፈ። እናቴ የጠጣችው የባሕር ውሃ አንድ ጓዳ ሙሉ የወይራ ፍሬ በጨው ለመዘፍዘፍ ይበቃ ነበር። በአፍንጫዋ ገባ፤ ሳለች፤ ቸታን ረገመች፤ አባቴን ረገመች፤ ዶክተሩን ከነጥርሱ ረገመች፤ በማግስቱ ተመልሳ መጣች። አንድ ጠዋት በጀርባዋ ተኝታ ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያናችንን ተገልብጦ እያየች ሳለ፣ ቸታን እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ሁለት ሜትር ያህል ርቃ ቆማ አየቻት። እናቴ ያን ጊዜ አልዘለለችም። "እጅሽን መቼ ነው ያነሳሽው?" ብላ ብቻ ጠየቀች፤ ሳትንቀሳቀስ፣ ከንፈሯን ብቻ እያላወሰች።

"ከሰኞ ጀምሮ" አለች ቸታ። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቁልቁለት ሆነ። እግር መምታት፣ ክንድ መዘርጋት፣ ፊትን ነክሮ በጎን መተንፈስ። በጁላይ መጨረሻ፣ ዋናተኞች እንዳያልፉ በገመድ የታሰሩት ቢጫ ኳሶች ጋ ደርሳ አንዷን አቅፋ ተመለሰች። ውሃው እዚያ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። በማግስቱ አንድ ሳህን ማካሮኒ አልፎርኖ በፎጣ ጠቅልላ በትኩሱ ይዛ ወረደች። ቸታ የባሕር ዳሩ ግንብ ላይ ተቀምጣ፣ ከጸጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ሳህኑን ጠርጋ በላችው።

"እሺ?" አለች እናቴ።

"ጨው ጨው ይላል።"

"ምን ጨው?"

"ከአፌ ይሆናል፤ ባሕሩን ጠጥቼ ነው። ለማረጋገጥ ሌላ ሳህን ያስፈልገኛል።"

እናቴ ይህን እንደ ይቅርታ ቆጠረችው።

በዚያው ሰሞን አባቴ እኔ ቤት መጣ። ምግብ እየሠራሁ ነበር፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቆቡን የሚያወልቀው ለቅሶ ቤት ሲሄድ ነው።

"ማርቴዝ፣ እናትሽ ጠዋት የት ነው የምትሄደው?"

"ቅዳሴ ነዋ።"

"አባ ፍራንስ ትናንት መንገድ ላይ አገኘኝና፣ 'ፊሎመና ደህና ናት? የሥራ ቀን ቅዳሴ ላይ ትመጣለች ሲሉ እሰማለሁ፣ እኔ ግን አንድ ቀን አላየኋት' አለኝ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ስትመለስ ጸጉሯ እርጥብ ነው። ትዘፍናለች። ሚስቴ ከዘፈነች ስንት ዘመኗ ነው? ደግሞ ቀና ብላ መሄድ ጀምራለች።"

ይህን የመጨረሻውን እንደ ዋናው ማስረጃ ነው ያቀረበው።

"እና ምን ለማለት ነው አባዬ?"

"ሰው ይዛ ቢሆንስ?"

"ማንን ትይዛለች? በዚያ ሰዓት የሚነቃው ዳቦ ጋጋሪው ብቻ ነው።"

"ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱ ሞታለች" አለኝ፤ አስቦበታል ማለት ነው።

ተከታትዬ እንዳይለት ለመነኝ። ለመሳቅ ብዬ እሺ አልኩት፤ ሌሊቱን ግን እኔም ነገሩ ከነከነኝ። በማግስቱ እናቴ ከቤት ስትወጣ መኪናዬን ከሩቅ አስከተልኩ። ዳገቱን ወርዳ አሸዋው ላይ ቀሚሷን ስታወልቅ ሳይ መሪውን ይዤ ቀረሁ። ወርጄ ባሕር ዳሩ ላይ ካሉት የጀልባ ማስቀመጫ ቤቶች ጥግ ቆምኩ። ሁለት ሴቶች ወደ ውሃው ገቡ፤ አንዷ ነጭ ቆብ አጥልቃለች፤ ሌላዋ እናቴ ናት። በጣም ቀስ ብላ ነው የምትዋኘው፤ ሊጥ እንደምትዘረጋ ሁሉ፣ ሳትቸኩል፣ ሳታቋርጥ። ቢጫው ኳስ ጋ ደርሳ፣ ነካ አድርጋው፣ ተመለሰች። ሰው በሌለበት ባሕር ዳር ብቻዬን ማጨብጨብ ቃጣኝ፤ አፍሬ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ስትወጣ አየችኝ። አልደነገጠችም።

"አባትሽ ልኮሽ ነው?"

"አዎ።"

"ምን ጠርጥሮ?"

"ዳቦ ጋጋሪውን።"

ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ። ከዚያ ግንቡን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ቸታ ተንፍሳ፣ "ያንን አጭሩን?" ትልና እንደገና ይጀምራሉ።

"እስከ ፍልሰታ እንዳትነግሪው" አለችኝ እናቴ ዐይኗን እየጠረገች።

"ዳቦ ጋጋሪውስ እማዬ? አባዬ እንቅልፍ አጥቷል።"

"ይጠርጥር። ትንሽ ቅናት ጡረተኛን አይጎዳውም።"

ለአባቴ ከሴት ጓደኛ ጋር መሆኗን፣ ከዚያ በላይ ላልናገር መሐላ እንዳለብኝ ነገርኩት። ግማሽ ልቡ አረፈ። ዳቦ መግዛት ግን ሌላ ሱቅ ጀመረ።

የፍልሰታ ዕለት አሥራ ስምንታችንም ወረድን። ድንኳኑ ተተከለ፤ በረዶው ተሰባበረ፤ ልጆቹ የፀሐይ ቅባት ተቀባቡና ተለቀቁ። እናቴ ማካሮኒውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ በጨርቅ ሸፈነችው። የኔ ልጅ ሚኬላ እንደ ልማዷ ሳፋውን በባሕር ውሃ ሞልታ እያፈሰሰች አመጣችላት። እናቴ ሳመቻትና፣ "ዛሬ አልፈልግም የኔ ልጅ" አለች። ከዚያ ቀሚሷን በጭንቅላቷ አወለቀች።

ሪኖ ቢራውን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀረ።

"ሞቀሽ እማዬ?" አለ።

"ልዋኝ ነው።"

ሚስቱ ሳቀች፤ ሪኖም ሳቀ። "እሺ፣ ግን ከጉልበትሽ እንዳታልፊ። ጉልበትሽ ራሱ ደግሞ ያው ነው።"

"አንተ ልጅ" አለችው፣ "ማካሮኒውን ከዝንብ ጠብቅ።"

ሄደች። በልጆች መሃል፣ በኳስ መሃል፣ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ የጎማ አሳ መሃል አለፈች። ውሃው ጉልበቷ ጋ ደረሰ፤ ጭኗ ጋ ደረሰ። አባቴ ከሉዊጂ ጋር የተለመደው ቦታው ላይ፣ ወገቡ ድረስ ገብቶ፣ በወሬው ሊቢያ ጠረፍ ላይ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እናቴ በጎኑ ስታልፍ ሲጋራው ከአፉ ወደቀ።

"ፊሎመና! ወዴት ነው?"

"ኳሱ ጋ ደርሼ ልምጣ።"

"የምን ኳስ?"

እሷ ግን ፊቷን ነክራ ክንዷን ዘርግታለች። ያን ጊዜ ጩኸቱ ተነሳ። እኅቴ ዶሪስ ከአሸዋው፣ "እማዬን ውሃ ወሰዳት!" ብላ ጮኸች። ጎረቤት ድንኳን ያሉት ተነሱ። ሪኖ ሮጠ፤ ግን አሸዋው ላይ የተዘረጋ ልጅ ረግጦ ከልጁ እናት ጋር ተያያዘ። ሉዊጂ፣ "ጁዜ፣ ምን ትገተራለህ? ሂድ ያዛት!" እያለ አባቴን ይገፋዋል። አባቴ ወደፊት ሄደ፤ ደረቱ ድረስ ገባ፤ ብብቱ ድረስ ገባ፤ እዚያ ቆመ። እጆቹን ወደ ላይ አንስቷል። ስሟን ይጠራል። ከዚያ በላይ አንድ እርምጃ አልጨመረም።

የባሕር ዳር ጠባቂው ልጅ በሰሌዳው እየቀዘፈ ደረሰባት። ከአሸዋው ሆነን እናቴ ኳሷን አቅፋ ስታናግረው እናያለን። ልጁ ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ዞሮ ተመለሰ። በኋላ ምን እንዳለችው ስጠይቀው፣ "ትከሻህ ተቃጥሏል፣ እናትህ ቅባት ትቀባህ አለችኝ" አለ።

እኔ እሷ ምንም እንደማትሆን ስለማውቅ ወደ አባቴ ነበር የዋኘሁት። ስደርስ ፊቱ ነጭ ሆኗል።

"አባዬ፣ ትችላለች። በጋውን በሙሉ ስትማር ነው የከረመችው። ቅዳሴው እሱ ነበር።"

አልሰማኝም። ዐይኑ እሷ ላይ ነው። እናቴ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ስልት፣ እየቀዘፈች መጣች፤ ፊቱ ስትደርስ ቆመች፤ ጸጉሯን ከግንባሯ ጠረገች። እንደ ንግሥት ነበረች። አንድ ነገር ልትለው አፏን ስትከፍት ፊቱን አየችውና ተወችው።

"መሄድ አቃተኝ" አላት። "ብትሰምጪ ዝም ብዬ ላይሽ ነበር።"

"እንዴት አቃተህ? ምን ሆነህ?"

አባቴ ወደ አሸዋው ዞሮ ማንም እንደማይሰማ አረጋገጠ። እኔን ግን ረስቶኛል።

"አልችልም" አላት። "ዋና አልችልም ፊሎ። ችዬም አላውቅም።"

አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖረዋል።

"ሊቢያስ?" አለችው እናቴ። "ሁለት ሰዓት የዋኘኸውስ?"

"ገመድ ይዤ ነበር።"

"ሁለት ሰዓት?"

"አምስት ደቂቃ። ጎትተው አወጡኝ።"

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትስቅ የሚፈረድባት አልነበረም፤ ስንት በጋ ሙሉ ያን ሁለት ሰዓት ስትሰማ ኖራለች። እሷ ግን እጁን ከውሃው ውስጥ ፈልጋ ያዘችው። በእጁ እየመራችው ውሃው ወገባቸው እስኪሆን ድረስ ይዛው ወጣች፤ ሉዊጂ አጠገብ ሲደርሱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "አስቆምኩት እኮ! እኔን ለማዳን ሊጠልቅ ነበር፣ ይሄ ደፋር!" አለች። ሉዊጂ አባቴን ጀርባውን መታው። አባቴ አንገቱን ደፋ፤ ሰው ትሕትና መሰለው።

ከዚያ እናቴ ከውሃው ወጥታ ድንኳኑ ድረስ መጣች። ጠረጴዛው ዙሪያ አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ ቆሟል፤ ማካሮኒውን የነካ የለም። ሳህን ያወጣም የለም። ሁሉም እሷን ነው የሚያየው።

"እማዬ፣ መቼ ነው የምንበላው?" አለች ዶሪስ፤ አሁን ጩኸቷን ትታለች።

"ስትራቡ" አለች እናቴ። "ቢላዋው ሣጥኑ ውስጥ ነው። እጅ አላችሁ።"

ወደ ውሃው ተመለሰች። ሪኖ ነበር ማካሮኒውን የቆረጠው፤ አቆራረጡ ያስለቅስ ነበር፤ ትልቁን ቁራጭ ለራሱ አደረገ ተብሎ ከሚስቱ ጋር እስከ ማታ ተኮራረፉ። ቸታ በአሥር ሰዓት ገደማ መጣች፤ እናቴ "እኅቴ ናት" ብላ አስተዋወቀቻት፤ ያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ሆንን።

ቱሪስቱ ሲቀንስ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ አባቴ ጠዋት ጠዋት ቅዳሴ መሄድ ጀመረ። እኔ ብቻ አወቅሁ፤ አንዳንድ ቀን አብሬያቸው እወርዳለሁ። ከእናቴ ይልቅ አስቸጋሪ ተማሪ ነበር፤ ምክንያቱም ሠላሳ ዓመት ስለ ዋና ሲያወራ ኖሮ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። ቸታ፣ "ጁዜ፣ አፍህን ዝጋ፤ ውሃ የሚገባህ በሱ ነው" ትለዋለች። እናቴ አትሰድበውም። መዳፏን ከሆዱ ሥር አድርጋ ከጎኑ ከጎኑ ትሄዳለች።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈራችን ባር በር ላይ ስንደርስ የአባቴን ድምፅ ሰማን። "ዋና ማን ያስተማራት ይመስላችኋል?" ይላል። "በትዕግሥት ነው። ሴት ልጅ በትዕግሥት ነው የምታስተምረው።" እኔ ልገባ ስል እናቴ ክንዴን ያዘች። ራሷ በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "እውነቱን ነው" አለች ለተቀመጡት ሁሉ፤ "እንደሱ ያለ አስተማሪ የለም።" አባቴ ጆሮው ቀላ፤ ለሁሉም ቢራ ጋበዘ።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ እንደ ሰሌዳ ተኝቶ ነበር። አባቴ በሆዱ ተዘርግቶ መቅዘፍ ጀመረ፤ እናቴ መዳፏን ከሥሩ እንዳደረገች ሦስት እርምጃ አብራው ሄደችና እጇን ስባ ቆመች። እሱ አልታወቀውም። ሰባት ጊዜ ቀዘፈ፤ ቆጥሬዋለሁ። በሰባተኛው ላይ የምታበረታታው ድምፅዋ ከሩቅ መምጣቱ ገባውና ደንግጦ በእግሩ ቆመ፤ ውሃው ደረቱ ነው። ዞሮ ስንት ያህል እንደራቃት አየ።

"ለምን ለቀቅሽኝ?" አላት ተቆጥቶ።

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለች እናቴ። "አስተማሪው አንተ አይደለህ?"

ከወዲያ የቸታ ሳቅ ውሃው ላይ ተንከባለለ። አባቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እናቴን፣ አንዴ እኔን አየን። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ወደ እናቴ አቅጣጫ ሆዱን ውሃው ላይ አስተኛና እንደገና መቅዘፍ ጀመረ።